«ቀጣይ»ን ብቻ የሚጫኑ ሠልጣኞች

ጥያቄ፦ የምሠራው በአንድ ድርጅት የሥልጠና ክፍል ውስጥ ነው። ሁሉም ሠራተኛ በየዓመቱ የመረጃ ደኅንነት ኮርስ በኦንላይን ይወስዳል። ሰዎች ግን «ቀጣይ»፣ «ቀጣይ» እያሉ ይጨርሱታል። የፈተናውን መልስ ከጓደኛ ይቀበላሉ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ እዚያው ስህተት ውስጥ ናቸው። አለቃዬ ነጥብ፣ ባጅ (ኮርሱ ላይ ለተሳካለት ሰው የሚሰጥ ምልክት) እና የደረጃ ሰንጠረዥ እንጨምርበት፣ አንደኛ ለወጣም ሽልማት እንስጥ ይላሉ። እኔ ስለ ማስሎ ፒራሚድና ስለ ሌሎች የተነሳሽነት ንድፈ ሐሳቦች አነበብኩ። ከኮርሱ ጋር እንዴት እንደማገናኛቸው ግን ግራ ገባኝ። የትኛውን ልጠቀም?

መልስ፦ ጥያቄዎን ሳነብ ፈገግ አልኩ። ሥራውን ስጀምር እኔም ይኸው ነበር ጥያቄዬ። የምጠይቀው ሰው ነበር ያጣሁት።

ማስሎን ለጊዜው ወደ ጎን ያድርጉት። የፍላጎት ደረጃዎችን ሐሳብ፣ ማለትም የሰው ፍላጎት ከምግብና ከደኅንነት ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ ይወጣል የሚለውን፣ ያቀረበው በ1943 ነው (ዓመታቱን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በነገራችን ላይ ፒራሚዱን የሣለው እሱ አይደለም፤ ቆየት ብለው ሌሎች ናቸው የሣሉለት። ሐሳቡ ስለ ሰው ልጅ ፍላጎት በጥቅሉ ያወራል። የኮርስዎ አምስተኛ ገጽ ላይ ምን መለወጥ እንዳለብዎት ግን አይነግርዎትም። ሰውን በሥራው ላይ ምን እንደሚያነሳሳ ያጠናው የሄርዝበርግም ነገር ያው ነው። ከእሱ አንድ ነገር ብቻ ይውሰዱ፦ ሰውን የሚያማርረውን ነገር ማስወገድና ሰውን ማነሳሳት ለየቅል ናቸው። ኮርሱ ያለበት ሲስተም የሚንቀራፈፍ ከሆነ ያስተካክሉት፣ ምሬቱ ይቀንሳል። በዚያ ብቻ ግን ሰው አይማርም።

አሁን ወደ ዋናው። «ሠራተኞቻችን ተነሳሽነት የላቸውም» ብለው ደምድመው ከሆነ ተሳስተዋል። አላቸው እንጂ! ቶሎ ለመገላገል የሚያደርጉትን ጥረት ይዩት። መልሱ ከማን እንደሚገኝ ያውቃሉ። የትኛው ቪዲዮ እስኪያልቅ እንደሚያስጠብቅ፣ የትኛው ሊዘለል እንደሚችል ያውቃሉ። ይህን ሁሉ ያጠና ሰው ሰነፍ አይባልም። ተነሳሽነት መጠን ብቻ ሳይሆን አቅጣጫም አለው፤ የእነሱ አቅጣጫ «ለግብር ይውጣ» ሆኗል። እንግዲህ መጠየቅ ያለበት፣ ቶሎ መገላገሉ ከመማሩ የሚሻል መስሎ የታያቸው ለምንድን ነው የሚለው ነው።

ለዚህ እኔን የሚመቸኝ መሣሪያ የሥነ ልቦና ተመራማሪው የቪክተር ቭሩም ነው። ቭሩም በ1964 ባሳተመው ሥራው፣ ሰው ለአንድ ነገር ከመድከሙ በፊት ሦስት ነገር በሆዱ ያሰላል ይላል። ብደክም ይሳካልኛል? ቢሳካልኝስ የሚያስከትለው ነገር አለ? የሚያስከትለውስ ነገር ለእኔ ምኔ ነው? ቁም ነገሩ ሦስቱ የሚባዙ እንጂ የሚደመሩ አለመሆናቸው ነው። አንዱ ዜሮ ከሆነ ሌሎቹ የቱንም ያህል ቢገዝፉ ውጤቱ ዜሮ ነው።

በእርስዎ ኮርስ ላይ እንየው። አንድ የሒሳብ ሠራተኛ አለ እንበል። ኮርሱ «ከማያውቁት ሰው የመጣ አባሪ ፋይል አይክፈቱ» ይለዋል። የሰውየው ሥራ ደግሞ ከማያውቃቸው አቅራቢዎች የሚመጣ ደረሰኝ መክፈት ነው። ቀኑን ሙሉ! ምክሩን ቢሰማ ሥራው ይቆማል። ይህ ሰው ኮርሱን ቢዘልለው አልፈርድበትም። እሱ ኮርሱን ከመናቁ በፊት ኮርሱ የእሱን ሥራ ንቆታል። ሌላዋ ሠራተኛ ደግሞ ሁሉንም በሥርዓቱ ተማረች እንበል። አጠራጣሪ ኢሜይል ሲመጣላት በተነገራት አድራሻ አሳወቀች። መልስ የለም። በሁለተኛውም መልስ የለም። ሦስተኛ ጊዜ ታሳውቃለች? ላም አለኝ በሰማይ ይሆንባታል። ሦስተኛው ሰው «እኔ የኮምፒውተር ነገር አይሆንልኝም» ብሎ ቆርጦ የተቀመጠ ነው። ሦስቱም ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ «ቀጣይ»ን ይጫናሉ። መድኃኒታቸው ግን የተለያየ ነው። ለሦስቱም ባጅ ቢሰጡ የሒሳብ ሠራተኛው ደረሰኙን መክፈቱን አይተውም፣ ለሴትየዋም መልስ አይመጣላትም።

ስለዚህ ንድፈ ሐሳብ ከመምረጥዎ በፊት ስድስት ሰባት ሰው ያነጋግሩ። ከተለያየ ክፍል ይሁኑ። እርስዎ ቢሮ አይጥሯቸው፤ እነሱ ከሚሠሩበት ወንበር አጠገብ ቁጭ ይበሉ። «ኮርሱን ወደዱት?» ብለው እንዳይጠይቁ፤ በይሉኝታ «ጥሩ ነው» ይሉዎታል። ይልቅስ «በቅርቡ ያጠራጠረዎት መልእክት ነበር? ምን አደረጉ? ከዚያስ?» ይበሉ። ያቺ «ከዚያስ» ብዙ ታወጣለች።

ወደ ሽልማቱ ልምጣ።

ሽልማት ሊጎዳ እንደሚችል ከታየ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። በ1971 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኤድዋርድ ዴሲ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የእንቆቅልሽ ኪዩቦች እንዲገጣጥሙ አደረገ። ገሚሶቹ ለፈቱት እየተከፈላቸው፣ ገሚሶቹ ያለ ክፍያ። በኋላ ክፍያው ሲቀርና ተማሪዎቹ ብቻቸውን ሲተዉ፣ ተከፍሏቸው የነበሩት ኪዩቦቹን የነኩበት ጊዜ ካልተከፈላቸው አነሰ። ከሁለት ዓመት በኋላ ማርክ ሌፐርና ባልደረቦቹ መሣል በሚወዱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ላይ ተመሳሳይ ነገር አዩ። «ከሣላችሁ የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ» የተባሉት ልጆች፣ ቆየት ብሎ በነፃ የጨዋታ ሰዓት የሣሉት የሌሎቹን ግማሽ ያህል ጊዜ ነው። ሳይነገራቸው ድንገት የተሸለሙት ግን ፍላጎታቸው አልቀነሰም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩልና «አያችሁ፣ ሽልማት መጥፎ ነው» ይላል። እንዲያ አይደለም። ነገሩ ለዓመታት አከራክሯል። በ1999 ዴሲ፣ ኮስትነርና ራያን 128 ጥናቶችን አንድ ላይ መዘኑ። ጎጂ ሆኖ የተገኘው አስቀድሞ ቃል የተገባ፣ ሥራውን ከመሥራት ወይም ከመጨረስ ጋር የታሰረ፣ በእጅ የሚጨበጥ ሽልማት ነው። የአድናቆት ቃል ግን ፍላጎትን ከፍ ሲያደርግ ታየ። ጉዳቱም የሚደርሰው ሥራው ቀድሞም የሚወደድ ሲሆን ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የእርስዎ ኮርስ ላይ የሚጠፋ ፍላጎት ያለ አይመስለኝም።

እኔን የሚያሰጋኝ ሌላ ነው። ሽልማት የሚገዛው የተለካውን ነገር ነው። ማጠናቀቅን ከሸለሙ ማጠናቀቅ ያገኛሉ። ፍጥነትን ከሸለሙ ፍጥነት ያገኛሉ፤ እነዚህ ሰዎች ደግሞ ፍጥነት አላነሳቸውም። አንድ ጊዜ እኔ ራሴ በሠራሁት ኮርስ ላይ የደረጃ ሰንጠረዥ አስገብቼ ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት ሞቅ ሞቅ አለ። በሦስተኛው ሳምንት ከላይ ያሉት አራት ሰዎች እርስ በርስ ይፎካከራሉ፤ የቀረው ሰው ገብቶ ማየቱንም ተወው። አንዱ ደግሞ የመጀመሪያውን ሞጁል እየዘጉ በመክፈት ብቻ ነጥብ እንደሚገኝ ደረሰበት። አንደኛ ወጣ። ሸለምነው። ምን እናድርግ?

ታዲያ ምን ይሻላል? ኮርሱ ግዴታ ነው፤ አዝናኝም አይደለም። አዝናኝ ለማስመሰል አይድከሙ። ዴሲና ሪቻርድ ራያን ባዳበሩት የራስን በራስ የመወሰን ንድፈ ሐሳብ መሠረት ሰው ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ በራሱ ፈቃድ መንቀሳቀስ፣ መቻሉን ማየት፣ ከሌሎች ጋር መቀራረብ። ይህን ያነበበ ሰው «እንግዲያው የግዴታ ኮርስ አበቃለት» ብሎ ሊያስብ ይችላል። አላበቃለትም። በ1994 ዴሲና ባልደረቦቹ ሰዎችን እጅግ አሰልቺ ሥራ ላይ አስቀመጡ። ኮምፒውተሩ ላይ የብርሃን ነጥብ ብልጭ ባለ ቁጥር አንድ ቁልፍ መጫን፣ በቃ። ሥራውን የራሳቸው አድርገው እንዲቀበሉት የረዱት ሦስት ነገሮች ነበሩ፦ ለምን እንደሚያስፈልግ በግልጽ ሲነገራቸው፣ አሰልቺ መሆኑ ሲታመንላቸው፣ አነጋገሩም ከትእዛዝ ይልቅ ምርጫ ያላቸው መሆኑን ሲያሳይ።

የኮርስዎን የመጀመሪያ ገጽ እስቲ ይክፈቱት። «ይህን ኮርስ እስከ ወሩ መጨረሻ ባላጠናቀቀ ሠራተኛ ላይ እርምጃ ይወሰዳል» የሚል ነገር እንደማይጠፋ እወራረዳለሁ። በዚያ ፋንታ እንዲህ ቢባልስ፦ «ይህ ኮርስ በየዓመቱ ይመጣል። እንደሚሰለችም እናውቃለን። የምንደግመው አጥቂዎቹ ዘዴያቸውን ስለሚቀያይሩ ነው። ዘንድሮ አዲስ የሆነው ሁለት ነገር ብቻ ነው። ሌላውን የሚያውቁት ከሆነ መጀመሪያ ልምምዱን ይሞክሩት፤ ካለፉ በቀጥታ ወደ አዲሱ ክፍል ይሄዳሉ።»

ከዚህ ሁሉ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እወዳታለሁ። ዐሥር ዓመት የሠራን ሰው «የይለፍ ቃል ምንድን ነው?» ከሚለው ገጽ ማስጀመር እንደ ስድብ ነው። ልምምዱን ቀድሞ የሚሞክርበት በር ሲከፍቱለት ጊዜውን እንዳከበሩለት ይገባዋል። ያላለፈ ደግሞ ምን እንደጎደለው በራሱ ዓይን አይቶ ይገባል። ባጅ ይህን አያደርግም።

ስለ ምርጫ ካነሣሁ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። «የትኛውን ሥልጠና ትፈልጋላችሁ?» ብለው በመጠይቅ ጠይቀው ከዚያ ሌላ እንዳይሰጡ። በ1991 ቦልድዊን፣ ማጁካና ሎኸር ይህንኑ ፈትነው ነበር። ተጠይቀው የመረጡትን ያላገኙ ሠልጣኞች፣ ጭራሽ ካልተጠየቁት ያነሰ ተነሳሽነት አሳዩ፤ የተማሩትም አነሰ። መስጠት የማይችሉትን አይጠይቁ።

ምናልባት የጆን ኬለርን ሞዴልም አንብበው ይሆናል። ትምህርት ሰውን እንዲያነሳሳ አራት ነገሮችን ይጠይቃል፦ ትኩረት፣ ጠቀሜታ፣ በራስ መተማመን፣ እርካታ። እንደ መፈተሻ አሪፍ ነው። ችግሩ ብዙ አዘጋጆች ከአራቱ ትኩረትን ብቻ ይዘው መሮጣቸው ነው። አኒሜሽን ይጨመራል፣ ሙዚቃ ይገባል፣ አንድ የሚያወራ የካርቱን ገጸ ባሕርይ ብቅ ይላል። ሰውየው ቀና ብሎ ያያል። ከዚያ ጠቀሜታው ካልታየው ተመልሶ «ቀጣይ»ን ይጫናል። በእኔ እምነት ብዙ ኮርሶች የሚወድቁት ጠቀሜታና በራስ መተማመን ላይ ነው።

ስለ ጠቀሜታ፣ ማስረዳቱን ቀነስ ያድርጉና ሰውየው ራሱ ይፈልገው። ሀልማንና ሃራክዊች በ2009 ባወጡት ጥናት የሁለተኛ ደረጃ የሳይንስ ተማሪዎችን ለሁለት ከፈሉ። አንዱ ቡድን የተማረውን ከራሱ ሕይወት ጋር እያገናኘ በአጭሩ ይጽፋል። ሌላው የትምህርቱን ፍሬ ነገር ብቻ ያጠቃልላል። «አይሳካልኝም» ብለው ይጠብቁ ከነበሩት መካከል ከሕይወታቸው ጋር ያገናኙት ፍላጎታቸውም ውጤታቸውም ተሻለ። እርስዎም ዐሥር ገጽ ማብራሪያ አውጥተው በምትኩ ይህን ይጠይቁ፦ «ዛሬ ከከፈቷቸው መልእክቶች ውስጥ የላኪውን ማንነት ሳያረጋግጡ የከፈቱት የትኛውን ነው? ለምን?» የሒሳብ ሠራተኛው ያኔ ስለ ደረሰኞቹ ይጽፋል። ለእሱ የሚሆነው ትምህርት፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ተቀየረ የሚል ደረሰኝ ሲመጣ ቀድሞ በሚያውቀው ስልክ ደውሎ ማረጋገጥ ነው። «አባሪ አይክፈቱ» የእሱ ትምህርት አይደለም።

በራስ መተማመን ላይ የሥነ ልቦና ሊቁ አልበርት ባንዱራ በ1977 የጻፈው አሁንም ያገለግላል። ሰው «እችላለሁ» የሚለውን እምነት ከአራት ምንጭ ይቀዳል፦ ራሱ ሠርቶ ከተሳካለት፣ እሱን የመሰለ ሰው ሲሳካለት ካየ፣ ሌሎች ከነገሩት፣ እና ከሰውነቱ ስሜት፣ ለምሳሌ ከድንጋጤው ወይም ከመረጋጋቱ። ከሁሉም የሚበረታው የመጀመሪያው ነው። ኮርሶች ግን ሦስተኛውን ያበዛሉ፤ «ጎበዝ! እርስዎ ይችላሉ!» እያሉ። እርስዎ ልምምዱን ከቀላል ወደ ከባድ ደርድሩት፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት አጠራጣሪ መልእክቶች ሁሉም ሰው እንዲለያቸው አድርጉ። ቪዲዮ ካስፈለገ የደኅንነት ባለሙያውን አይቅረጹ። እሱ መቻሉ ለማንም አይገርምም። ኮምፒውተር ላይ እምብዛም የሆነች የሥራ ባልደረባ ሊያታልላት የመጣውን መልእክት እንዴት እንደነቃችበት ስትናገር ይቅረጹ።

የማለፊያ ነጥቡንም እንደገና ያስቡበት። ካንፈርና አከርማን በ1989 የአሜሪካ አየር ኃይል ሠልጣኞችን በአየር ትራፊክ ቁጥጥር ማስመሰያ ላይ አሠርተው ነበር። ገና በመማሩ ጅምር ላይ ከባድ የውጤት ግብ የተሰጣቸው ሠልጣኞች አፈጻጸማቸው ተጎዳ። ያኔ አእምሮ የሚበቃው ለመማሩ ብቻ ነው፤ ውጤቱን መከታተል ሲጨመርበት ይጨናነቃል። ግቡ ይጠቅም የነበረው ሥራውን ከለመዱት በኋላ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ሙከራ «90 በመቶ አምጣ» አይበሉ። «አጥቂው የተጠቀመባቸውን ሦስት ዘዴዎች ፈልግ» የሚል የመማር ግብ ያስቀምጡ። ስህተቱንም ሠልጣኙ ለብቻው ይሳሳት፤ አለቃው እንዳያየው። መልስ ከጓደኛ መቀበሉ በአብዛኛው ከዚህ ፍርሃት ነው የሚመጣው፤ ፍርሃቱን ሲያነሱለት መቀበሉም ይቀንሳል።

አሁን ኮርሱ ውስጥ ወደሌለው ነገር ልሂድ። ለእርስዎ ጉዳይ ትልቁ እዚህ ያለ ይመስለኛል።

ቦልድዊንና ፎርድ በ1988 ሥልጠና ወደ ሥራ ስለሚሸጋገርበት መንገድ ሲጽፉ ሦስት ነገር ቆጥረዋል፦ ሠልጣኙ፣ የሥልጠናው አሠራር፣ የሥራ አካባቢው። እኛ አሠልጣኞች መካከለኛውን እየነካካን እንውላለን። ሦስተኛውን ግን ኮርሱ ብቻውን አይሸከመውም። ኃላፊው የይለፍ ቃሉን በቴሌግራም ለጸሐፊው የሚልክ ከሆነ ኮርስዎ አብቅቷል። ሠራተኛው የሚማረው ከእሱ ነው። «ስህተት ሠርቻለሁ፣ ሊንኩን ተጭኜዋለሁ» ብሎ የተናገረ ሰው በስብሰባ ላይ ከተወቀሰ፣ ቀጣዩ ሰው ዝም ይላል። ዝም ያለበት ሰዓት ደግሞ አጥቂው የሚሠራበት ሰዓት ነው።

ስለዚህ ኮርሱን አንድ ገጽ ሳይነኩ በፊት ከደኅንነት ክፍሉ ጋር አንድ ነገር ይስማሙ፦ አጠራጣሪ መልእክት ያሳወቀ ሰው ሁሉ በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ መልስ ያግኝ። «አመሰግናለሁ፤ ትክክል ነበሩ፤ መልእክቱ ለብዙ ሰው ተልኮ ነበር፣ በእርስዎ ምክንያት አግደነዋል።» የሚያስፈልገው ይህቺ ብቻ ናት። የቭሩም ሁለተኛ ጥያቄ መልስ አገኘች ማለት ነው። ላሟ ከሰማይ ወረደች።

ይህ ለስሜት የሚባል ነገር አይደለም። አዳም ግራንትና ባልደረቦቹ በ2007 ያወጡትን ጥናት ይውሰዱ። ለዩኒቨርሲቲ በስልክ ገንዘብ የሚያሰባስቡ ሠራተኞች፣ በዚያ ገንዘብ የነፃ ትምህርት ዕድል ያገኘ ተማሪ ለአጭር ጊዜ አግኝተው አነጋገሩ። ከአንድ ወር በኋላ በስልክ ላይ የሚያሳልፉት ጊዜ 142 በመቶ፣ የሚያሰባስቡት ገንዘብ 171 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። ሽልማት አልተጨመረም፤ ድካማቸው ለማን እንደሚደርስ አዩ እንጂ። በእርስዎ ኮርስ መግቢያ ላይ ስለ «ዓለም አቀፍ የሳይበር ሥጋት» የሚያትተውን ቪዲዮ አውጥተው፣ የደንበኞች መረጃ ያመለጠበትን ቀን የሚያስታውስ አንድ የራስዎ ባልደረባ ሁለት ደቂቃ ያውራ። ፈቃደኛ ከሆነ ብቻ፤ ጥፋተኛውንም ሳይጠቅስ።

ልኬቱን በአጭሩ። በኮርሱ መጨረሻ የሚመጣው «ወደዱት?» የሚል መጠይቅ ብዙም አይረባዎትም። በ1997 የታተመ የአሊገርና ባልደረቦቹ የጥናቶች ግምገማ፣ ሥልጠናውን መውደድ ከመማርም ሆነ በሥራ ላይ ከማዋል ጋር ያለው ዝምድና ደካማ መሆኑን አሳይቷል። «ለሥራዬ ይጠቅመኛል» የሚለው መልስ የተሻለ ያመለክታል። ከመጠይቁ በላይ ግን በየወሩ ስንት ሰው አጠራጣሪ መልእክት እንዳሳወቀ፣ ከመጣለት ስንት ሰዓት በኋላ እንዳሳወቀ ይቁጠሩ። የሙከራ ኢሜይል ልከው ስንት ሰው እንደተታለለ መቁጠሩ ብቻውን ያሳስታል፤ ቀለል ያለ ኢሜይል ከላኩ ሁሉም ጎበዝ ይመስላል።

ለአለቃዎ ምን ይበሉ? «አይሆንም» ብለው አይጋፉ። ነጥቡና ባጁ የግድ ከሆነ፣ ላሳወቀ ሰው ይሁን እንጂ ለጨረሰ ሰው አይሁን። የደረጃ ሰንጠረዡ የግለሰብ ስም አይያዝ፤ የክፍል ይሁን። ሽልማቱንም አስቀድመው አያውጁት። መጀመሪያ በአንድ ክፍል ብቻ ለሁለት ወር ይሞክሩት። የሒሳብ ክፍሉን ቢመርጡ ደስ ይለኛል፤ ደረሰኞቹ እዚያ ናቸው።